ጫጩቶቹን ያሞቅንበት ክረምት

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ደሴም የፊት ጥርሱን ገና ሳይነቅል፣ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ክረምት የሚገባው በጉም ነበር። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ይውላል፤ የግድግዳው ጭቃ ይረጥባል፤ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። አባቴ የሞተው ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው በጋ ነው። ወደ ጫግኒ ሲወርድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ከእሱ የቀረን ቦራ የምንለው ፈረሱ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ አባቴ በበዓል ቀን አስጊጦ ሲጋልበው የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከኋላው ይሮጡ ነበር።

እናቴ ፈረሱን ለመሸጥ ስታስብ መጀመሪያ የነገረችው ለአያቴ ነው። አያቴ የአባቴ አባት ናቸው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን።

«አባባ፣ ቦራ ቆሞ ይበላል እንጂ አሁን ማን ይጋልበዋል?» አለቻቸው። «ሸጬ ጫጩት ላርባበት። ከባሕር ዳር የአንድ ቀን ጫጩት የሚያመጡ ልጆች አሉ። አድገው እንቁላል ከጣሉልኝ እነዚህን ልጆቼን አስተምርበታለሁ።»

«የልጄ ፈረስ ነው» አሉ አያቴ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «እነዚህም የልጄ ናቸው። ይሸጥ» አሉ።

ዳንግላ ገበያ የወሰዱት ራሳቸው ናቸው። ኮርቻውን ግን አልሸጡትም። ሲመለሱ በትከሻቸው ተሸክመውት ነበር፤ ጓዳ ገብተው ከግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ጫጩቶቹ ጎኑ በተበሳሳ ካርቶን ተጭነው በባጃጅ መጡ። ቢጫ ነበሩ፤ እፍኝ ውስጥ ሲገቡ ክብደት የላቸውም፤ የልባቸው ምት ብቻ ይሰማል። ያመጣቸው ወጣት ጓዳውን በላስቲክ ከፋፍሎ፣ ገለባ አስነጥፎ፣ ከጣሪያው ላይ ትልቅ አምፖል አንጠለጠለ። «ላባ እስኪያወጡ ከዚህ መብራት እንዳይለዩ» አላት እናቴን። «ብርድ ከያዛቸው አይተርፉም።» እናቴ እንደ ጸሎት ደጋግማ ትለው ነበር፤ ከመብራት እንዳይለዩ፣ ከመብራት እንዳይለዩ።

ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ አንድ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ጮኸና የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ሰዎች ሄደው አመለከቱ፤ ይቀየራል ተባለ። በየቀኑ ይቀየራል ይባል ነበር።

እናቴ የጠፋው አምፖል ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አያቴ ከውጭ ገቡ። «ተነሺ፣ ሙቀት ከመብራት ብቻ አይደለም የሚመጣው» አሏትና ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡ።

መጀመሪያ የሞከሩት ዶሮ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ እንቁላል አቅፋ የተኛች ዶሮ ነበረቻቸው፤ በቅርጫት ይዘዋት መጡ። ጫጩቶቹን በምሽት፣ ድንግዝግዝ ሲል፣ አንድ በአንድ ክንፏ ሥር ከተቱላት። ጥቂት ታገሠች፤ ከዚያ ተነሥታ ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን በመንቁሯ ትወጋ ጀመር። እትዬ ሙሉ ዶሮዋን ታቅፈው፣ «የሷ አይደሉማ፣ ምን ታድርግ» እያሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ አያቴ ሁለት ያረጁ ማሰሮዎች አወጡ። ጎናቸውን በምስማር በስተው፣ ፍም ሞልተው፣ ላዩን በአመድ አለበሱት፤ ፍሙ ቶሎ እንዳይነድ፣ እሳቱም ጫጩቶቹን እንዳያቃጥል። ማሰሮዎቹን መሐል አስቀምጠው ዙሪያውን ድንጋይ ደረደሩ። በዳር በዳር የፈላ ውሃ የተሞላ ጀሪካን በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በሩን ግን ሙሉ በሙሉ አንዘጋውም። የከሰል ጭስ እንኳን ጫጩት ሰውም ያፍናል፤ ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። በዚያ ክፍተት የቆሰበር ጉም ይገባ ነበር። ብንዘጋው መታፈን፣ ብንከፍተው ብርድ ነው፤ አያቴ ቀኑን ሙሉ ያንን በር በጣት በጣት ሲያስጠጉና ሲያርቁ ይውላሉ።

«ስሚ ትርንጎ» ይሉኛል። «ሲበርዳቸው ተደራርበው ይጮኻሉ። ሲሞቃቸው ይበታተኑና አፋቸውን ይከፍታሉ። ሲመቻቸው ደግሞ፣ ይኸው፣ እንደ ሰው ያንጎራጉራሉ።» ያኔ እኔም መለየት ተማርኩ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ገና ደጅ ሆኜ ድምፃቸውን አዳምጥ ነበር።

አያቴ በየምሽቱ ተረት ይነግሩን የጀመሩት በእነዚህ ጫጩቶች ምክንያት ነው። ፍሙ ሲደክም የሚለውጠው ሰው ነቅቶ መቀመጥ አለበት። እኔና ደሴም ብቻችንን ከመተኛት እሳቸው አጠገብ ገለባው ላይ መቀመጥ እንወድ ነበር። ኩራዙ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ይበራል፤ አመዱ ሲነካ ፍሙ ከሥር ቀልቶ ይታያል፤ የአያቴ ፊት ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ ይሆናል። ተረቱ አንድ ነበር፤ በየምሽቱ ይቀጥላል። ውርጭ በወረደበት አገር ልጆቿ የበረዱባት አንዲት ዶሮ ሙቀት ልትለምን ከቤት ወጣች። በግ ዘንድ ሄዳ ጸጉርሽን አበድሪኝ አለቻት፤ በጓ የራሴ ግልገል አለኝ አለቻት። ጦጣ ዘንድ ሄደች፤ ጦጣ ከዛፉ ላይ ሆኖ ሳቀባት። ፈረስ ግን፣ አሉ አያቴ፣ ፈረስ ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ሰጣት። እዚያ ሲደርሱ ማሰሮውን ይነካኩ ጀመር።

«ከዚያስ አባባ?» ይላል ደሴ።

«ከዚያማ ወደ ፀሐይ ቤት መንገድ ጀመረች። ሩቅ ነው። ነገ ትደርሳለች።»

ደሴ በየቀኑ ጠዋት ተነሥቶ፣ «ዛሬ ትደርሳለች አይደል?» ይለኝ ነበር።

ጫጩቶቹ ይሞቱ ጀመር፤ ግን በጥቂት በጥቂቱ ነበር። ጠዋት ጠዋት አያቴ ከእኛ ቀድመው ገብተው ተረጋግጠው የሞቱትን አንሥተው ከጓሮ ይቀብሩ ነበር። እናቴ ግን ታውቃለች። ሆኖም የቀሩት ክንፋቸው ላይ ላባ መብቀል ጀምሮ ነበር። «ትንሽ ቀን ነው የቀረን» ትላለች፤ «ትንሽ ቀን ብቻ እንድረስ።»

ያኔ ከሰል አለቀ። በሰፈራችን የሚገኘው ዝናብ የመታው ነበር፤ ይጨሳል እንጂ አይሞቅም። እናቴ ደረቅ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ፍለጋ በጠዋት አዲስ ቅዳም ከተማ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተደፋ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርሳችን እንኳ መሰማማት አልቻልንም። እትዬ ሙሉ በስልካቸው ቢደውሉላት ኔትወርክ የለም። ሲመሽ እናቴ አልመጣችም።

አያቴ የቀረውን ፍም ወደ አንዱ ማሰሮ ሰበሰቡት። እርጥብ ባሕር ዛፍ አነደዱ፤ ጓዳው በጭስ ሞላ፤ ጫጩቶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ደንግጠው በሩን ከፈቱት፤ በበረዶው የቀዘቀዘው አየር እንደ ውሃ ገባ። ያን ጊዜ ከግድግዳው ላይ ኮርቻውን አወረዱ። ቆዳውን በቢላዋ ገፈፉት፤ እንጨቱን በጉልበታቸው ሊሰብሩት ሞከሩና አልሰበር ሲላቸው መጥረቢያ አመጡ። ደሴ «የአባዬ ነው!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ፈለጡት። እንጨቱ ለዓመታት የደረቀ ነበር፤ ያለ ጭስ፣ ቦግ ብሎ ነደደ። ጥሩ ፍም ሆነ። ለጥቂት ጊዜም ጫጩቶቹ አንጎራጎሩ።

ከዚያ እሱም አለቀ።

«ሹራባችሁን ሳቡ» አሉን። ጫጩቶቹን ከአንገታችን በታች፣ ከሆዳችን ላይ ያስገቡልን ጀመር። የቀሩትን እሳቸው ጋቢያቸው ውስጥ፣ ከደረታቸው ጋር አቀፉ። ቦታ ያልበቃቸውን በካርቶን አድርገው ከእግራቸው መሐል አኖሩ። እንዳንነቃነቅ፣ እንዳንጨፈልቃቸውም ተረቱን ቀጠሉ። ዶሮዋ ተራራውን ወጣች አሉ። እግሯ ደማ አሉ። ያኔ ከብርድ የተነሣ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ስለነበር ቃላቱ ይቆራረጡብኝ ነበር። ቆይተው ሳያውቁት ከአማርኛው ወደ አዊኛ ገቡ፤ ለኔ ይሁን ለጫጩቶቹ፣ ወይስ ለአባቴ የሚናገሩት፣ መለየት አልቻልኩም። ደሴ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። ሆዴ ላይ የነበሩት ትንንሽ እግሮች መጀመሪያ ይቧጥጡኝ ነበር፤ በኋላ አንዱ መቧጠጡን አቆመ። ሌላውም አቆመ። ለአያቴ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም ጋቢያቸው ውስጥ የሆነውን አልነገሩኝም። ሁለታችንም እንዳቀፍናቸው ተቀመጥን።

እናቴ የመጣችው ጎህ ሲቀድ ነው። መኪና አጥታ አብዛኛውን መንገድ በእግሯ ነበር የመጣችው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች። ማዳበሪያውን በጀርባዋ አዝላ ላዩን በነጠላዋና በላስቲክ ሸፍናዋለች። የራሷ ቀሚስ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቋል። ደፉን እንደረገጠች፣ «ደረቅ ነው አባባ፣ ጠብታ አላስነካሁትም» አለች።

አያቴ ጋቢያቸውን አልከፈቱም። ቀና ብለው አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናቴ ማዳበሪያውን ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ወደ እኔ መጥታ ሹራቤን ገልጣ ያለውን አወጣች። ከደሴም አወጣች። የሞተውን ወደ አንድ ጎን፣ የሚተነፍሰውን ወደ ሌላው ታደርግ ነበር። የሚተነፍሱት በሁለት እጇ የሚያዙ ብቻ ነበሩ። አላለቀሰችም። ከሰሉን አቀጣጠለችና አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ከሰሉ እውነትም ደረቅ ነበር።

መብራቱ መቼ እንደመጣ አላስታውስም። የተረፉትም አልበረከቱም፤ ሳምባቸው ተነክቶ ኖሮ እየተንፈራፈሩ አለቁ። ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ጫግኒ ወርዳ ከአንድ ሆቴል ማድ ቤት ሥራ ገባች። በየበዓሉ ትመጣለች፤ እጇ በሙቅ ውሃ ተልጦ፣ ለኛ ዳቦ ይዛ። በመጀመሪያው በዓል ደሴ ሊሰናበታት መንገድ ድረስ ሸኛት፤ በሚቀጥለው በዓል ግን ቤት ውስጥ ቀረ።

አያቴ ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገሩንም። አንድ ምሽት ደሴ ራት በልተን ስናበቃ፣ «አባባ፣ ዶሮዋ ፀሐይ ቤት ደረሰች?» ብሎ ጠየቃቸው። ለብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ቆይቶ ነበር። አያቴ እሳቱን ቆሰቆሱና፣ «እንጃ ልጄ፣ እኔም እዚያ ድረስ ነው የማውቀው» አሉት። የደሴ ዓይን እንባ ሞላ። ሊያባብሉት እጃቸውን ዘረጉ፤ ደሴ ግን ተነሥቶ ሄዶ ተኛ። አያቴን ከዚያ ክረምት ጀምሮ ያስላቸው ነበር። ሁለት ክረምት እንኳ አልቆዩም። እናቴ ለቀብሩ ደርሳ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ እኔ ነኝ ያስመታሁዎት በብርድ» እያለች ስታለቅስ ሴቶቹ ደግፈው ወሰዷት። እንዳልሆነ ብዙ ሰው ነገራት። አላመነችም።

አሁን ልጅ አለኝ። ተረት ንገሪኝ ሲለኝ ከመጽሐፍ አነብለታለሁ። የአያቴን ምሽቶች ሳስብ የሚመጣብኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አያቴ የሳቱት ምን ነበር? እስከዚያ በረዶ ድረስ፣ የሚያውቅና የማይሰንፍ ትልቅ ሰው አጠገቤ ካለ ክፉ ነገር ጨርሶ እንደማይገባ አምን ነበር። አያቴ ያውቁ ነበር። አልሰነፉም። ለዓመታት ወደዚያ ምሽት እየተመለስኩ የሳቱትን ፈልጌያለሁ፤ አንድ የረሱት ነገር፣ አንድ ያልሞከሩት፣ አንድ ያጠፉት ባገኝ ይቀለኝ ነበር። አላገኘሁም።