የአክስቴ መንዙማና ሦስቱ ሀ

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ኮምፒውተርህ መንዙማዬን በላብኝ!»

አክስቴ ከመካ ደውላ ሰላምታ ካላስቀደመች አንድ ያበሳጫት ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ካለው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቃችን ውስጥ የአንድ ላፕቶፕ ማራገቢያ አቧራ እየጠረግሁ ነበር።

«እንዴት አድርጎ በላው?»

«‹ሀድራ› ብዬ ጻፍኩለት። ‹ምንም አልተገኘም› አለኝ። ወላሂ እዚሁ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው!»

ላፕቶፑ አሠሪዋ፣ እሷ «መዳም» የምትላት ሴት፣ አርጅቷል ብላ የተወችላት ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሲስተም ስለከበደው ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሲስተም ጫንኩበት፤ አገር ቤት ካሉ ዘመዶች በፍላሽ የመጣውንም የመንዙማ ክምር ገለበጥኩላት። ሊኑክስ ላይ ማሽኑ ሲከፈት የሚታየውን ገጽ፣ መስኮቶቹንና የፋይል መፈለጊያውን የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። እኔም ዓርብ ዓርብ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ አብሬያቸው እሠራለሁ። መጀመሪያ ቃላቱን ወደ አማርኛ እመልስ ነበር፤ ቀስ በቀስ ኮዱ ውስጥ ገባሁ። አክስቴ «ኮምፒውተርህ» ስትለኝ እንግዲህ ከእውነት አልራቀችም።

እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ማንንም አይገርምም። መካ ግን እኔ ስለማልገባ የምንገናኘው በጅዳና በመካ መሃል መንገድ ላይ፣ ባሕራ ነው፤ ጎማ ከሚቀየርባቸው ጋራዦች ጎን ባለች ቡፊያ በሚሏት ትንሽ ሻይ ቤት የወተት ሻይ እንጠጣለን። በዕረፍቷ ቀን ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

ከፈትኩት። «ሀድራ» ብላ ጻፈች፤ ምንም የለም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ስገፋቸው መንዙማው ቁጭ ብሏል፤ የላከው ዘመድ «ሐድራ» ብሎ ነው የጻፈው።

«አየሽ፣ አንቺ በሃሌታው ሀ ጻፍሽ፣ እሱ በሐመሩ ሐ። ለማሽኑ ሁለት የተለያየ ፊደል ነው የሚታየው።»

«ለአማርኛ ጆሮ አንድ አይደለም እንዴ?»

«ማሽኑ ጆሮ የለውማ።»

ሳቀች። ከዚያ ሻይዋን አስቀመጠችና ኮስተር አለች። «ለእኔስ አንተ መጣህልኝ። ለሌላው ሰው ማን ባሕራ ድረስ ይመጣለታል?»

ወደ ጅዳ ስመለስ መኪናው ውስጥ ከጥያቄዋ ሌላ አላሰብኩም።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት ጀመርኩት። መፈለጊያው ሀን፣ ሐን እና ኀን፣ ሰን እና ሠን፣ አን እና ዐን፣ ጸን እና ፀን እንደ አንድ እንዲያያቸው የሚያደርግ ኮድ ጻፍኩና ላክሁ። ያንን ክፍል የምትቆጣጠረው ሴት ከሩቅ አገር መለሰችልኝ። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁሉንም አስቀመጣችኋቸው ብላ ጠየቀች። ብቻዬን ሳቅሁ። ድሮ በግዕዝ ድምፃቸው የተለያየ እንደነበር፣ ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ግን እንደቀረ፣ እኛም አንዱን ለመጣል ሳንጨክን እንደኖርን ጻፍኩላት። ደስ አላት። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ያላለቀው በሱቃችን ውስጥ ነው። ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግን፣ ጅዳ ያደገ ኤርትራዊ አለ። ሥራዬን በኩራት ሳሳየው ካቻቢቴውን ጣል አደረገ።

«ያ አኺ! ሐ እና ሀ አንድ ናቸው ያለህ ማነው?»

«ሁላችንም።»

«እናንተ! በትግርኛ ሐ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። ስማ…» ብሎ ደጋግሞ ከጉሮሮው አወጣልኝ። ደጅ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየን። «ይኼን ብታስገባው የእኔን ቋንቋ ነው የምታበላሸው። ኻላስ!»

እውነቱን ነው። ለአክስቴ ደውዬ ስነግራት እሷም ከእሱ ጋር ወገነች። «አልሐምዱሊላህን በቀላሉ ሀ ባነበው ቁርአን ያስቀራኝ ኡስታዜ ያልፈኝ ነበር? እኔ ሀን የጻፍኩት ኪቦርዱ ላይ ስለምትቀርበኝ እንጂ ጠፍቶኝ አይደለም።»

ስለዚህ ከዚያች ከኮዱ ክፍል ኃላፊ ሴት ጋር ተነጋግሬ እንደገና ጻፍኩት። ፊደላቱ የሚዋሐዱት ሰውየው ማሽኑን በአማርኛ ሲጠቀም ብቻ ሆነ፤ ያን ጊዜም በተፈለገበት ፊደል የተጻፈው ካለ ከሁሉ በፊት እሱ ይመጣል። የጠረጴዛ ጎረቤቴ ደንበኛ በሌለ ሰዓት በትግርኛ እየጻፈ ፈተነልኝ፤ ስህተት ባገኘ ቁጥር ጠረጴዛውን በደስታ ይመታል። ተቃዋሚዬ የነበረው ሰው ዋና ረዳቴ ሆነ። በመጨረሻ ኃላፊዋ ኮዱን ተቀበለች። «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት ፊደል መጻፍ እንደሚቻል ስትሞክር ውላ እንደደከማትም ጨምራ ጻፈች። ዜናውን ስናነብ ጎረቤቴ የሱቁን በር በፈገግታ ዘጋና ምሳ ጋበዘኝ።

አዲሱን ሲስተም ይዤ ባሕራ ሄድኩ። እየጫንኩ ሳለ አክስቴ ሦስት ጊዜ «ደረሰ?» አለችኝ። ሲያልቅ «ሀድራ» ብላ ጻፈች፤ በሁለቱም ሀ የተጻፉት ተግተልትለው ወጡ።

«ማሻአላህ! አብሽር የእህቴ ልጅ!»

ከዚያ ያገኘችውን ቃል ሁሉ መሞከር ጀመረች። «ሰርግ» ብላ ጻፈች። «የሠርግ ድምፅ» የሚል፣ ሁለታችንም መኖሩን የማናውቀው ፋይል መጣ። ከፈተችው። ከበሮ፣ የሴቶች ጭብጨባ፣ እልልታ። በመሃል አንዲት ሴት ሁሉንም ዝም አስብላ ለብቻዋ ማውረድ ጀመረች።

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እናቴ ናት» አለች። «የእኔ ሠርግ ነው። ካሴቱ ጠፍቷል ብለውኝ ነበር፤ ለካ አንዱ ገልብጦት ኖሯል።»

አያቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ድምፃቸውን ግን ያኔውኑ ለየሁት። ሙሽራውን እያወደሱ መሃል ላይ ቅጥነቱን ነካ ሲያደርጉት ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አክስቴም አብራቸው ሳቀች፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። የቡፊያው ባለቤት፣ አንድ የመናዊ፣ ምንም ሳንለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰልን።

«ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። በሁለተኛው ታጨበጭብ ጀመር።

መካ የሚሄደው መኪና ደጅ ላይ ክላክሱን ነፋ። ሹፌሩ «ያላ፣ ያላ!» እያለ ይጣራል።

«ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል» አለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።