የወንድሜ ሚስት ምድር ቤት

የወንድሜ ሚስት በጀት የምትይዘው በቃሏ ነበር። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ የልጆቿን ጸጉር ስትሠራ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የሲሚንቶውን፣ የጣውላውንና የአናጺውን ሒሳብ ትደምራለች። መሃል ላይ ሰው ካናገራት ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ወንድሜ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ደሞዙን አስረክቧት እፎይ ማለት የለመደ ሰው። እኔ ግን ቱግ ባይ ነኝ፣ በዚያ ላይ የባል እህት ነኝ፤ ዝም ብሎ ማየት አልፈጠረብኝም።

ቤታቸው ከሃውገሩድ ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ትንሽ ቤት ነው። ላይ ሳሎን፣ ኩሽና፣ መታጠቢያና ሁለት መኝታ ቤት አለ፤ አንዱ የልጆቹ፣ አንዱ የእነሱ። ታች ደግሞ እዚህ ኖርዌይ ሁሉም ሼለር የሚለው ምድር ቤት። ያኔ ገና ባዶ ሲሚንቶ ነበር፤ የልጆቹ ስኪና የመኪናው ትርፍ ጎማ ይከመርበታል፣ በረዶ ሲቀልጥ ግድግዳው ያልበዋል። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናታችን ደሴ ብቻዋን ቀርታ ነበር፣ ልጆቿ ሁለታችንም እዚህ ነን። የመኖሪያ ፈቃዷ መጣ የተባለ ዕለት እልል አልን። በማግስቱ ግን የት ትተኛ የሚለው ጥያቄ መጣ። እኔ አመሩድ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ሥራዬም አረጋውያን መጦሪያ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ቀን የምትተኛ ሴት እናቷን በወጉ ልትይዝ አትችልም። ስለዚህ ምድር ቤቱ ተሠርቶ መኝታ ቤት እንዲሆን ተወሰነ።

ጊዜው የባንክ መውደቅ ወሬ ከዜና የማይጠፋበት ክረምት ነበር። ወንድሜ በቤቱ ላይ ብድር እናክልና አሳምረን እንጨርሰው አለ። እሷ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ዘጋችው። ያላቸው ይኸው ነው፤ ከዚያ አይወጣም። ሕጓም አንድ ነበር፤ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ወንድሜ ትልቅ ቴሌቪዥን ታች ይሁንልኝ ሲል፣ አትቆጣም፣ እምቢም አትልም። «ይግባ» ትለዋለች፤ «ምን ይውጣ?» እሱ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ በሩን በዓይኑ ሲዞር ቆይቶ የሚወጣ ያጣል። ቴሌቪዥኑ በዚሁ ቀረ።

መጀመሪያ የወጣው ገንዘብ ቤቱ ውስጥ እንኳ አልገባም። በውጭ በኩል መሠረቱን ዙሪያውን አስቆፍራ ውሃ የሚያሸሽ ቱቦና ጠጠር አስቀበረች። ለመቆፈር የወንድሜ ጓደኞች ከሃውገንስቱዋ ሳይቀር መጡ፤ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ጎረቤታቸውም አካፋቸውን ይዘው ወጡ፤ ባለ አንድ ግድግዳው ኖርዌጂያዊ ዱግናድ ነው ብሎ ተቀላቀለ፤ እኛ ደቦ አልነው። የምሳውን ዋጋ አስቀድማ ይዛ ነበር፤ ጾመኛው ስንት፣ ፍስክ በሊታው ስንት፣ ሥጋውን ከሙስሊም ሱቅ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ሳይቀር። ወንድሜ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ገንዘባችንን ቀበርነው እኮ» አለ። «የማይታየው ካልቀደመ የሚታየው ይበሰብሳል» አለችው፣ ሩዝ እየጨለፈች። በዚያ ጸደይ ግድግዳው አላላበውም።

መስኮቱም እንደዚሁ ነው። ሰው የሚተኛበት ክፍል፣ እሳት ቢነሳ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ይኑረው ይላል የአገሩ ሕግ። ለዚያ ደግሞ የሲሚንቶ ግድግዳ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ውድ ነው። ወንድሜ ዕቃ ቤት ነው ብለን እንለፈው ብሎ ሞከረ። «ሰው አስተኝቼ ዕቃ ቤት ነው ብዬ አልፈርምም» አለች። መስኮቱ ገባ፣ የተወደደው የወለል እንጨት ወጣ። በምትኩ ከአንድ ሠርተው ከጨረሱ ሰዎች ቤት የተረፈ እንጨት በርካሽ ገዝታ መጣች። ሁለት ዓይነት ቀለም ነበረው። አናጺው ፖላንዳዊ ነው፤ አንዴ እንጨቱን አንዴ እሷን አየ፣ ከዚያ እየሳቀ ነጣ ያለውን ከጠቆረው አፈራርቆ ነጠፈው። አሁን ያየው ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ነው የሚመስለው።

እስከዚህ ድረስ አድናቂዋ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ግን ኩሽና ተቀምጬ ድምሯን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። የምድር ቤቱ ወለል ማሞቂያ የለም። ሽንት ቤትም የለም።

«እማዬ ጉልበቷን እንደሚያማት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ያ፣ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሌሊት ሽንቷ ቢመጣ በዚያ ደረጃ ልትወጣ ነው?»

«ናይ» አለች፣ እዚህ አገር አይ ማለት ነው። ካሮቷን መላጥ ቀጠለች። «ታች ሽንት ቤት አልያዝኩም። ወለል ተሰብሮ ቱቦ መቅበር አለበት፣ ቤቱን ሁሉ ይበላዋል። እሱ ይግባ ካልሽ ምን ይውጣ?»

«ማሞቂያውስ?»

«እሱ ወጥቷል።»

«በሱ ምን ገባ?»

«የላዩ መታጠቢያ ቤት። ገንዳውን አስነስቼ፣ ወለሉን ደልድዬ፣ ያለ እርከን የሚገባበት ሻወር አደርገዋለሁ። መያዣ ብረትም ግድግዳው ላይ።»

ደሜ ፈላ። የእናቴን ወለል በረዶ አድርጋ የራሷን መታጠቢያ ልታሳምር ነው አልኩ በልቤ። ምራት መቼም ምራት ናት። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ፣ የወንድሜ አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታው ላይ እስኪደርስ ጠብቄ አንድ በአንድ ነገርኩት። መሪውን እንደያዘ ሰማኝና «ተያት፣ አስባበት ነው» አለኝ። እሷ ምን እንዳሰበች እሱም አያውቅም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም እያለች ሥራው አለቀ። ግድግዳው ነጭ፣ አየሩ ደረቅ፣ መስኮቱ ሰፊ። ከያዘችው ገንዘብ ጥቂት እንኳ ተርፏት ነበር። እንዲህ ያለ እጅ በቁጣዬ መሃል እንኳ ያስገርመኝ ነበር።

እናቴ የምትገባበት ቀን ወንድሜ ከጠዋት ፈረቃው መጥቶ፣ ወደ ውስጥ እንኳ ሳይዘልቅ ልጆቹን ከበር ይዞ አየር ማረፊያ ሄደ። እኔ ከእሷ ጋር ምግብ ልሠራ ቀረሁ። መኪናው ገና ከመታጠፉ እጇን በፎጣ ጠረገችና «ነይ እስቲ፣ አልጋውን ብቻዬን አልችለውም» አለችኝ።

«የቱን አልጋ?»

«የእኛን።»

መኝታ ቤታቸው ገባሁ። ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው፤ አንሶላው ተገፏል። አዲስ ነጠላ አልጋ በማሸጊያው እንዳለ ግድግዳውን ተደግፏል። መስኮቱ ፊት ለፊት መንገዱን፣ የአውቶቡስ ፌርማታውንና ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉትን ልጆች ያሳያል። መታጠቢያ ቤቱ በሩ አጠገብ ነው።

«አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል አላልኩም?» አለች። «እሳቸው ሲገቡ እኛ እንወጣለን።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ወንድምሽ አይሆንም ይላል። እናትሽ በስልክ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። አንቺ ትጮኺያለሽ። ክርክር በጀቴ ውስጥ አልያዝኩም።»

ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘን ደረጃውን ወረድን። መሃል ላይ ደክሞን አረፍን፤ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ፍራሹ በመካከላችን። ፊቷ አይታየኝም ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የተናገረችው። ታላቅ ወንድሟ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሲሠራ እናታቸውን ሰርቪስ አስገባት። ለኩሽና ትቀርባለች፣ ደረጃ አያስቸግራትም ብሎ ነው። «ክፉ ሆኖ አይደለም» አለች። «ቀለም ቀብቶታል፣ አልጋውም አዲስ ነበር። ግን እንግዳ ሲመጣ ዋናው ቤት ነው የሚገባው። እሷን ሰላም ለማለት ወደ ጓሮ መዞር አለበት። አንዳንዱ ይዞራል፣ አንዳንዱ ይረሳል። እኔ ከዚህ ስደውል ስልኩ ዋናው ቤት ነው ያለው፤ እስኪጠሯት ካርዱ ያልቃል። እዚያው አረፈች።» ፍራሹን ከታች ገፋ አደረገችና «ሼለርም ቢያምር ሰርቪስ ነው» አለች። «በይ አንሺ።»

አነሳሁ። ያን ፍራሽ ይዤ ስወርድ የነበረኝ ስሜት ፍቅር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እናቴ በነጠላዋ ተሸፋፍና፣ በወንድሜ ክንድ ተደግፋ ገባች። ወንድሜ ሻንጣውን አንስቶ ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አመራ። ሚስቱ የመኝታ ቤታቸውን በር ከፍታ «በዚህ ነው» አለችው። ክፍሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ሻንጣውን አስቀመጠ፣ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ነበር።

እናቴ በአንድ ወር ውስጥ ፌርማታው ላይ የሚቆመውን ሰው ሁሉ አወቀች። ማን ሥራ እንዳረፈደ፣ የማን ልጅ ኮፍያ እንደረሳ ከመስኮቷ ትነግረናለች። ኤርትራዊው ጎረቤት ሲያልፉ በትግርኛ ሰላም ይሏታል፣ በአማርኛ ትመልሳለች። ክረምቱ ሲከፋ ወንድሜና ሚስቱ ታች በሱፍ ካልሲ ይተኙ ነበር፤ ስለ ማሞቂያው ያነሳ ግን የለም።

አንድ እሑድ እናቴ የልጆቼን መኝታ ሳላይ አልቀርም ብላ ተነሳች። ተይ ብንላት አልሰማም አለች። እኔ ከፊት፣ የወንድሜ ሚስት ከኋላ ሆነን አወረድናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጩን ግድግዳ፣ ሁለት ቀለም ያለውን ወለል አየችና በእግሯ ቅዝቃዜውን ለካችው። መስኮቱን ቀና ብላ ስታይ አንድ ሰው ሲያልፍ ጫማው ብቻ ታየ። ከራስጌ የአንዲት አሮጊት ፎቶ በትንሽ ፍሬም ቆሟል።

«እናትሽ ናቸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በመጨረሻ የት ነበር የሚተኙት?»

የወንድሜ ሚስት የአልጋ ልብሱን ጫፍ አስተካከለች፣ መልሳ አስተካከለች።

«ሰርቪስ» አለች።

እናቴ እጇን ዘርግታ ፎቶውን አነሳች፣ አቧራ ባይኖረውም በነጠላዋ ጠረገችው።

«በሉ ደግፉኝ» አለች። «እኛ አሮጊቶቹ የምንተኛው ላይ ነው።»

ደረጃውን ስንወጣ አንድ እጇ ትከሻዬን ይዟል፣ በሌላው ፎቶውን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ያዢልኝ ሳትል፣ ለማንም ሳትሰጥ፣ እስከ ላዩ መስኮቷ ድረስ ራሷ አደረሰቻቸው።