በመዝገብ የስድስት ዓመት ታናሽ

ሁለቱ እህትማማቾች የተወለዱት በአንድ ቀን፣ በሩብ ሰዓት ልዩነት ነው። በመንግሥት መዝገብ ግን ታላቋ ታናሿን በስድስት ዓመት ትበልጣታለች። እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚያምን ሰው ይኖራል ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። ደመወዝም ይከፈለዋል።

ነገሩ የተጀመረው ሁለቱ የሃያ አራት ዓመት ወጣቶች ሳሉ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ቤት በር ላይ ነው። ሁለት ክፍት ቦታ ነበር። የእንፋሎት ማሞቂያው ክፍል አደገኛ ነው ተብሎ ከሃያ አምስት ዓመት በታች አይቀጥርም። መተኮሻው ክፍል ደግሞ፣ ለምደው ረጅም ዘመን ያገልግሉ በሚል፣ ከሃያ ሁለት በላይ አይወስድም። የማጠቢያ ቤቱ አለቃ ደግ ሰው ነበር፤ ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አየና፣ “አንዳችሁ ጨምሩ፣ አንዳችሁ ቀንሱ። ማን ይጠይቃችኋል?” አላቸው። በሩብ ሰዓት የምትቀድመው ሦስት ዓመት ጨመረች፤ ታናሿ ሦስት ዓመት ቀነሰች። እዚያ ቤት እንዲህ ያላደረገ ሠራተኛ አልነበረም፤ ዕድሜ እንደ ሥራ ልብስ ሲጠብ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይጠባል። የሁለቱ መንታነት አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ስለነበረ ሠራተኛው ታናሿን “ሕፃኗ” እያለ ሲስቅባት ኖረ። እሷም አብራ ስቃለች። ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲላት ራሷን በጥፊ ማለት ያምራታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናታቸው አልጋ ያዙ። ከሁለቱ አንዷ ሥራዋን ትታ ቤት መዋል ነበረባት። “አንቺ ታናሽ ነሽ” አለች ታላቋ፤ በቃ፣ ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ሩብ ሰዓት ዘግይቶ መወለድ እንዲህ ያስከፍላል! ታናሿ ስትሰናበት የአስተዳደር ክፍሉ ሰው፣ “የጡረታ መብትሽ አይጠፋም፤ ተጠብቆ ይቆይልሻል። ስልሳ ሲሞላሽ መጥተሽ ትጠይቂያለሽ” ብሎ ሸኛት። እሷም አምና ወጣች። እናቷን እያገላበጠች አስታመመች፣ በመጨረሻም ቀበረች። በዚህ መሀል የማግባቱም የመውለዱም ጊዜ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ስትተኩስ ኖራለች።

ታላቋ ማሞቂያው ቤት ቀረች። በመዝገብ ስልሳ ሲሞላት፣ በእውነቱ ገና ሃምሳ ሰባት ሳለች፣ በክብር ጡረታ ወጣች። ይኸው ሦስት ዓመቷ። ቤቷ ሽባ ሆኖ የተኛ ባል አላት፤ የሚበላውም የሚታከመውም በዚያችው ጡረታ ነው። የእንፋሎቱ ጩኸት ግን ጆሮዋን በልቶታል፤ ካልጮኹላት አትሰማም፣ ራሷም ሳትጮህ አታወራም።

ዘንድሮ ሁለቱም ስልሳ ሞላቸው። ታናሿ ጣቶቿ አብጠው ካውያ መያዝ እያቃታት ነው። በቀደም አንድ ነጭ ሸሚዝ አቃጥላ ካንዱ ቤት ተባራለች፤ ሌሎቹም ቢሆኑ እጅ እጇን ማየት ጀምረዋል። ስለዚህ ያ “ተጠብቆ ይቆይልሻል” የተባለው ጡረታ ዛሬ ካልተሰጣት ነገ ምን እንደምትበላ አታውቅም።

“አብሬሽ እሄዳለሁ!” አለች ታላቋ ቤቱን በጩኸት እየሞላች። “ፊታችንን አይተው ምን ሊሉ ነው? ምስክርሽ እኔ ነኝ!”

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ መስኮት መስታወት ነው፤ መናገሪያው ቀዳዳ ከታች፣ ሆድ ጋ ነው። ያንን ቀዳዳ እዚያ ያደረገው ሰው ወገቡን አሞት አያውቅም። ታላቋ ከኋላ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ታናሿ ተራዋ ሲደርስ አጎነበሰች። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ጸሐፊ፣ ልጇ ሊሆን የሚችል ጎልማሳ፣ መዝገቧን ገለጠ።

“እናቴ፣ ገና ሃምሳ ሰባት ዓመትዎ ነው። ሦስት ዓመት ይቀርዎታል።”

“ልጄ፣ መዝገቡ ተሳስቷል። ስልሳ ሞልቶኛል።”

“ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው የሚያዘው።”

“እጄን እየው እስቲ!” እጇን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው።

“በሕመም ከሆነ ሳይሞላም ይከፈላል። ግን ምንም ዓይነት ሥራ መሥራት አይችሉም የሚል የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል።”

“ቦርዱ ጋ ሄጄ ነበር። ‘ሌላ ሥራ መሥራት ትችያለሽ’ አሉኝ።”

“ምን ሥራ?”

“እሱን አልነገሩኝማ!”

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያጽናና ነገር ፈለገ። “ደግሞ እርስዎ ቢያልፉ ለባልዎ ወይም ለልጆችዎ ወዲያው ይከፈላል። ያኔ ዕድሜ አይጠየቅም።”

“ባልም ልጅም የለኝም።”

“እንግዲያውስ…” አለና እስክሪብቶውን ከደነ።

ደሟ ፈላ። በቁሟ ስትመጣ ገና ነሽ፣ ስትሞት ወራሽ የለሽም! ለማን ነው ታዲያ ሲጠብቁት የኖሩት? አግዳሚው ላይ ያለችውን ምስክሯን ከመጥራቷ በፊት ግን ነገሩን ዳር ዳሩን ልሞክረው አለች።

“መንታ ቢኖረኝስ? እሷ ስልሳ ሞልቷት ቢሆን?”

የጸሐፊው ፊት በራ። “መንታ ካለዎትማ ጥሩ ነው! የሁለታችሁ መዝገብ ይመሳከርና እውነተኛው ዕድሜ ይወሰናል። እሷም የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች?”

“ብትሆንስ?”

“ዕድሜዋ ሳይደርስ ወጥታ ከሆነ ጡረታዋ እስኪጣራ ይታገዳል። እስካሁን የበላችውንም ትመልሳለች። በሐሰት ዕድሜ መከሰስም አለ።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ያውም ብብቱ የእህቷ ነው። ታናሿ ከመስኮቱ ቀና አለች። ወገቧ ተንቋቋ። በዚያች ቅጽበት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እህቷን ጠላቻት። “አንቺ ታናሽ ነሽ” የተባለችበት ቀን፣ የእናቷ አልጋ፣ ያመለጣት ትዳር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ጡረታዋ ይከበራል። ለምን አትተነፍስም? እስከ መቼ ነው ታናሽ የምትሆነው?

“ምን አለ? ልምጣ?” ብላ ታላቋ ከኋላ አንባረቀች። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ጸሐፊውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ በመስታወቱ አሻግሮ አያት። ያው አፍንጫ፣ ያው ግንባር፣ ያው ወደ ግራ የምትጣመም አፍ። አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ተመለከተ።

“እሷ ናት?”

“ታላቄ ናት።”

“ቁርጥ እርስዎን!”

“ታላቄ ናት አልኩህ!” መስታወቱ እስኪርገበገብ ጮኸችበት። “በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች! መዝገብህን አታምንም?”

ጸሐፊው ዓይኑን ሰበረና መዝገቡን አጠፈው።

ደጅ እንደወጡ ታላቋ ክንዷን ያዘቻት። “ምን አሉሽ?”

“ገና ነሽ አሉኝ።”

“እንዴት ተደርጎ! መንታ መሆናችንን አልነገርሽውም?”

“ነገርኩት!” ጆሮዋ ውስጥ ጮኸች።

“እና ምን አለ?”

“አትመሳሰሉም አለኝ!”

“አትመሳሰሉም?!” ታላቋ እንደ ማሞቂያው ቤት ጋን ተንተከተከች። “ዓይኑ ይፍሰስ! እኔ ገብቼ አሳየዋለሁ! አንቺ እኮ ሁልጊዜም አፍሽን ይዘሽ ነው የምትመለሺው፤ ጩኺ ስልሽ አትጮኺ!” ወደ በሩ ልትመለስ ስትል ታናሿ ባበጠው እጇ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ያዘቻት። ሕመሙ እስከ ክርኗ ዘለቀ፤ አልለቀቀችም።

“ተይ! አትግቢ ብዬሻለሁ! ሦስት ዓመት ነው፣ እጠብቀዋለሁ። እስከዚያ አልሞትላቸውም!”

ታላቋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆማ አየቻት። ከዚያ ራርታ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

“እሱስ እውነትሽን ነው” አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “አይዞሽ። አንቺ ታናሽ ነሽ፣ ትችይዋለሽ።”

ታናሿ የቀሚሷን ጫፍ ለቀቀች። ከሰዓት በኋላ የምትተኩሰው ልብስ ስለነበራት ቀድማት መንገዱን ተሻገረች።