የአባዬ ኳስ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ

ዛሬ አባዬ አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ጣቱን ገና ሳያነሳ የጨዋታዋ ኳስ አመለጠችው። አስር ጊዜ ሞከረ፤ አስሩንም ተሸነፈ።

ስትሮክ ቀኝ እጁን ከመታው ወዲህ ጣቶቹ የተፍታቱት አሮጌው ኮምፒውተራችን ላይ ኳስ እያነጠረ ጡብ በሚሰብርባት፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን በተሠራች ጨዋታ ነበር።

የጎፋው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጨዋታዋን በዲስኬት አመጣልን። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አልከፍት ብላው ስንት ታግሎ ከፈታት።

“ጋሼ፣ ጨዋታዋ የምትሮጠው በማሽኑ ፍጥነት ነው፤ አዲሱ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው። ማዘግየት አቃተኝ” አለ።

“እኔም መፍጠን አቃተኝ፣ ልጄ” አለው አባዬ።

አሮጌው ኮምፒውተር የት ሄደ አትሉኝም? እማዬ “እጁ ከዳነልኝ” ብላ መካኒሳ ላለው ሰንበት ትምህርት ቤት ተስላው ነበር። ወንድሜ አዲሱን ሲገዛ፣ ስለቷ ደርሷል ብላ ባለፈው እሁድ አስገባችው። የሸፈነችበትን ዳንቴል ሳይቀር አብራ ሰጥታለች፣ የእኔን የእጅ ሥራ።

የስለት ዕቃ ደግሞ መልሱልኝ አይባልም። ለአንድ ቀን እንኳ እንድትዋሰው ብለምናት “ከእግዚአብሔር ጋር ልታጣይኝ ነው?” አለችኝ።

አባዬ አሁን ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። ጣቶቹ እንደገና መተሳሰር ጀምረዋል፤ እማዬም አይታቸዋለች።

እናንተስ ቤት፣ አዲስ ዕቃ ገብቶ የቀማችሁ ነገር አለ? እስኪ ጻፉልኝ፤ ብቻችንን እንዳልሆንን እንዲያውቅ ለአባዬ ላንብብለት።