ሁሉም «አየሩ ነው» ያሉ ቀን

ያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ እህቴ ትዕግሥት፣ ባሏ ዳንኤል፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እና እኔ ነን። ስም በስም የምጽፈው፣ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲነሳ ሁሉም የየራሱን ስለሚያወራና እኔን ስለሚያበግነኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል ተብሎ፣ ትዕግሥት ሰባት ወር ሲሞላት ከመተሐራ ኮልፌ መጣች። ቆላ ለለመደ ሰው የእኛ ሰፈር ዳገት ቀልድ አይደለም፤ ገና ከመምጣቷ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እናቴ «ደጋው ነው፤ ትለምደዋለች» አለች። ከፍታ ቦታ ላይ ነፍሰ ጡር ቶሎ እንደሚደክማት አንብቤ ስለነበር እኔም ተቀበልኩ።

በኋላ ግን ራስ ምታት ጀመራትና አልለቅ አላት። ፊቷና እጇ አበጠ፤ ያን ቀን ደግሞ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ።

«አየሩ ነው። ነጭ ሽንኩርት ትብላ» አሉ እትዬ አስካለ።

«መተሐራ ልመልሳት» አለ ዳንኤል። «እዚያ እኮ ምንም አልነበራትም።»

«ሆዷ ገፍቶ? በዚያ መንገድ? አብደሃል?» እናቴ ጮኸች።

«እብጠትና ራስ ምታት አንድ ላይ ከመጣ አየር ብቻ አይደለም፤ ግፊቷ ይለካ» አልኩ። «ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ የእርግዝና ደም ግፊት ይብሳል ይባላል።»

«አንተ ደግሞ መቼ ወልደህ ታውቃለህ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

ሁሉም ሳቁ። ክርክሩ ወደ ነጭ ሽንኩርቱና ወደ መተሐራው መንገድ ተመለሰ። በመጨረሻ ትዕግሥት ራሷ፣ «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለች። ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ።

ቤቴል ያለ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ግፊቷን ለካች፤ ደግማ ለካች።

«እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?»

«አየሩ መስሎን...» አለ ዳንኤል።

«አየሩ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። አየር ነው ተብሎ ግን ቤት አይቀመጥም። እሷንም ልጁንም ልታጡ ነበር።»

በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከች። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ በቀዶ ሕክምና ተወለደች፤ በጣም ትንሽ ስለነበረች ማሞቂያ ውስጥ ሰነበተች። ዛሬ ሁለቱም ደህና ናቸው።

አሁን እናቴ «ሐኪም ይያት ያልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ዳንኤልም «እኔ ነኝ» ይላል። እትዬ አስካለ ሕፃኗን ባዩ ቁጥር «ያሳነሳት ደጋው ነው» ይላሉ።

እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ ያጓደልኩት ካለ ጨምሩበት። በተለይ አንቺ፣ ትዕግሥት። እኛ ባንቺ ጉዳይ ስንከራከር ምን ያህል ፈርተሽ እንደነበር እስከ ዛሬ የጠየቀሽ የለም፤ እኔም ጭምር።