የወለል ውሃ የጠጣው ጎመን

ልጅ ሳለሁ፣ በኢየሩሳሌም ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ከነበረው ሕንፃችን ጀርባ፣ አያቴ አባባ ወርቁ ባረጀ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የጥድ ፍሬና የወይራ ጭራሮ እያነደዱ ተረት ያወሩልን ነበር። ጭሱ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ ጎረቤቶች መስኮታቸውን በኃይል ይዘጋሉ፤ አንዳንዱም ወጥቶ ይጮኻል። አያቴ በዕብራይስጥ ለሚሰድባቸው ሁሉ «አሜን» ብለው ይቀጥላሉ። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው። እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ ድምፃቸውም አብሮ ይወርድና፣ ጅቡ ምን እንዳለ ለመስማት ወደ ቆርቆሮው ስንጠጋ ጉንጫችን ይለበለባል።

ከቆርቆሮው አጠገብ አልጋ የምታክል መሬት ነበረች፤ የሕንፃው ሰው የሲጋራ ቁራጭ ይጥልባታል። አያቴ ከጎንደር በጨርቅ ቋጥረው ያመጡትን የጎመን ዘር ለዚህች መሬት አሰቡላት። ሰኔ ሲገባ ቆፈሩ፣ ድንጋዩን ለቀሙ፣ ዘሩ። እዚህ አገር በሰኔ ጠብታ እንደማይወርድ ሳያዩ ቀርተው አይደለም፤ ከመጣን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። ዓይናቸው ያየውን እጃቸው አላመነም እንጂ።

እናቴ «አባዬ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» ብትላቸው ተቆጡ።

«በሰኔ ውሃ ማጠጣት ሰማይን መስደብ ነው።»

«እዚህ በሰኔ አይዘንብማ።»

«ማን ዘርቶ ይዝነብ? የሚዘራ ሲያጣ ጊዜ ትቶት ነው።»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሳምንት አለፈ። መሬቷ ደርቃ ተሰነጠቀች፤ የፎቁ ልጆች «ሽማግሌው አሸዋ ዘሩ» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ከልጅነቴም ምላሴ እንጂ ትዕግሥቴ ረጅም አልነበረም። በግልጽ ባጠጣ አያቴ ይቆጣሉ። ግን ወለል የማጠቡ ሥራ የኔ ነበር፤ ወለል የታጠበበትን ባልዲ ይዛ የምትወጣ ልጅ ደግሞ ማን ያያታል? ስለዚህ በየቀኑ ወደ ማታ ባልዲዬን እዚያች መሬት ላይ መገልበጥ ያዝኩ። ያን ሰሞን ሳሙና ስላለቀብን የምናጥበው በባዶ ውሃ ነበር። በሰባተኛው ቀን አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ።

አያቴ ተንበርክከው አዩት። «በጤዛ ብቻ!» አሉ። «አያችሁ? ምድሪቱ አወቀችኝ።» የዚያን ሳምንት ያወሩት ተረት ዘንድሮም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ዝንጀሮው ሲዳኝ፣ ቀበሮዋ ስትምል፣ ፍሙ እየደበዘዘ እንኳ አልጨረሱም ነበር።

ከዚያ እናቴ ከገበያ በረኪና ገዝታ መጣች። «ወለሉ ይንጣ» አለች። ነጣ። እኔም ባልዲዬን እንደ ልማዴ ገለበጥኩ።

ቅጠሉ መጀመሪያ ከዳር ነጣ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ተኛ። የዚያን ዕለት እሳት አልነደደም፤ በማግስቱም አልነደደም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው አመድ ብቻ ነው። ምግብም ቢሆን አያቴ ሁለት ጊዜ ጎርሰው «በቃኝ» ይላሉ። በዚህ መሐል ከቀሚሴ ጫፍ ላይ ባልዲው የረጨብኝ ቦታ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ አየሁ። ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። ጨርቁን እንዲህ ያደረገ ነገር ጎመኑን ምን እንዳደረገው ለመረዳት ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ብናገር ዱላ አለ፤ ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ልቀር እችል ነበር፣ አንድ ምሽት በረንዳው አምፖል ሥር አያቴ ለእናቴ ሲነግሯት ባልሰማ።

«አባቴ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ነው የሞተው» አሉ። «አያቴም እንደዚያው። እኔ ደረስኩ። ደርሼ ግን አፈሯ ቀመሰኝና ተፋኝ። ተሳስቼ የመጣሁ እንግዳ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?»

መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነበር። ከበሩ ጀርባ ወጥቼ፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣ ባልዲውንም፣ በረኪናውንም፣ ቀሚሱንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ዱላውን እየጠበቅሁ አንገቴን ቀበርኩ።

አያቴ ተነሡ። በጨለማው ወርደው አፈሩን ዘግነው አሸተቱ። ለሁለተኛ ጊዜ አሸተቱ። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ተመስገን!»

«አባባ፣ አይመቱኝም?»

«አንቺንማ በፈለግሁ ጊዜ እመታሻለሁ። ምድር ብትጠላኝ ግን ማንን ልምታ?»

እናቴ ዘሩ ያለቀ መስሏት ነበር። አያቴ ግን ከኪሳቸው ሌላ ቋጠሮ አወጡ። «ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን የሚዘራ ገበሬ አይደለም፤ ቁማርተኛ ነው» አሉ። ሊነጋ ሲል ሊዘሩ ቢነሡ እናቴ «እስከ ማታ ይቆዩልኝ» አለቻቸው። «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ጎዳና አጠገብ ቢሮ ታጸዳ ነበርና፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጎመን የምትኮተኩት አንዲት መነኩሲት ጠይቃ መጣችና፣ እዚህ የሚዘራው ከዳስ በዓል በኋላ፣ በጥቅምት ገደማ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ነው አለቻቸው። አያቴ «ደግሞ መነኩሲት አስተማረችኝ በይ» ብለው አጉረመረሙ። ግን ጠበቁ። ዝናቡ ጣለ፣ ዘሩ፣ የዝናቡ ወራት ሳያልፉ ቅጠሉ እንደ ዝሆን ጆሮ ሆነ፤ መስኮት ሲዘጉ ለነበሩት ጎረቤቶች ሳይቀር እየቆረጡ በር ለበር አደሉ።

እሳቱም ዳግመኛ ነደደ። አዲስ ተረትም ተወለደ፤ አንዲት ልጅ ከምድር ጋር ተካስሳ ዝንጀሮ ፊት የቆመችበት። በየጊዜው ሲያወሩት ባልዲዬ በርሜል ሆነ፣ በርሜሉም ወንዝ ሆነ። በሰኔ የዘራው ሽማግሌ ግን አንድም ቀን ተረቱ ውስጥ አልገባም። ብጠይቃቸው «እሱ ሌላ ተረት ነው» አሉኝ፤ ያንንም ሳያወሩት ሞቱ።

ዛሬ በረንዳዬ ላይ ስንቱን ተክል በገዛ እጄ ገድያለሁ፤ አንዱን አስጥሜ፣ አንዱን ጸሐይ ላይ ረስቼ። ያን አልቆጥርም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን ብዙ ጥፋት ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ፤ ለአለቃ፣ ለባል፣ ለልጅ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይቅር ይላል፣ አንዱ ለሌላ ጊዜ ያስቀምጠዋል። ጥፋቴን ሰምቶ «ተመስገን» ያለኝ ሰው ግን በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው።