እትዬ ሂሩት፣ ዋናው ማሽንና ከድር

በፒያሳው መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የነበሩት እትዬ ሂሩት ባለፈው እሑድ ማለዳ አራዳ በሚገኘው ቤታቸው በሞት ተለይተውናል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምነግራችሁ፣ ሥራ ካስተማሯቸው አንዷ የሆንኩት እኔ ነኝ።

በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ሰርቨር የሚባለውን ያኔ «ዋናው ማሽን» እንለው ነበር፤ ለየሆስፒታሉ የሚላከው መድኃኒት የሚመዘገበው በእሱ ነው። እትዬ ሂሩት ክዳኑን ከፍተው፣ ካርድ የሚባለው ስስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚሰካባቸውን ረጃጅምና አጫጭር ማስገቢያዎች እያሳዩ ያስተምሩን ነበር። «መጀመሪያ የካርዱን ጥርስ እዩ» ይሉናል። «አጭሩ ካርድ ረጅሙም ውስጥ ይሠራል። ረጅሙን አጭሩ ውስጥ ብትሰኩት ግን ግማሽ ጥርሱ አየር ላይ ይቀራል።»

አንድ ቀን እሳቸው ስብሰባ በሄዱበት አዲስ ካርድ መጣ። አለቆቹ «አሁኑኑ ይገጠም!» እያሉ ባልደረባችንን ከድርን አጣደፉት። ረጃጅሞቹ ማስገቢያዎች ተይዘው ስለነበር ካርዱን አጭሩ ላይ ሰካው። ማሽኑ አልነሣም አለ። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ «ይሄ አሻጥር ነው» አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ከድርን ወሰዱት።

እትዬ ሂሩት ሲመለሱ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማሽኑን ከፈቱ። ረጅሙን ቦታ ይዞ የነበረውን አጭር ካርድ ነቅለው ወደ አጭሩ አዛወሩ፤ አዲሱን በተለቀቀው ቦታ ሰኩት። ማሽኑ ተነሣ። ካድሬውን አስጠሩት።

«ይኸው ጓድ፣ ቦታ መሳሳት ነው እንጂ አሻጥር አይደለም። ልጁን መልሱልኝ።»

«ማሽኑ ሠርቷል አይደል? የቀረው እኛን አይመለከትም።»

ከዚያ ወዲያ እትዬ ሂሩት፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት ይሸጡ ከነበሩት ከከድር እናት ከእማማ ራህማ ጋር ስንቅ ይዘው በየእስር ቤቱ ደጃፍ ተንከራተቱ። አንዱ ጋ ስንቁን ተቀበሏቸው። ለጥቂት ሳምንታት ባዶ ሳህን ሲመለስላቸው፣ በልቷል ብለው ተጽናኑ። ከዚያ አንድ ጠዋት ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። «ከእንግዲህ አታምጡ» አለ ዘበኛው። እማማ ራህማ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሂሩት የዘበኛውን እጅጌ ይዘው «የት አደረሳችሁት? ንገረኝ እንጂ፣ ልጄ!» እያሉ ለመኑት። ፊቱን አዞረ።

እትዬ ሂሩት እማማ ራህማን እሪ በከንቱ ሰፈር ከነበረችው የኪራይ ክፍላቸው አውጥተው እራሳቸው ቤት አስገቡ። እስኪሞቱ ጦሩ፤ ሲሞቱም በእምነታቸው ወግ አስቀበሩ።

ግን አልተጽናኑም። አንድ ቀን ከማሽኑ ፊት ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ማሽኑን ማስነሣት አልነበረብኝም። ልጁን እስኪፈቱ ክዳኑን አልነካም ማለት ነበረብኝ። የሚፈልጉትን ሰጥቼ ባዶ እጄን ቀረሁ።»

«እርስዎንም ቢያስሩዎትስ?»

«አብሬው እሆን ነበራ።»

መንግሥት ተለውጦ እስር ቤቶቹ ሲከፈቱ በር ላይ ቆመው የሚወጣውን ሁሉ ፊት ፊቱን አዩ። ከድር አልወጣም።

እትዬ ሂሩት፣ ዐረፉ ልልዎት ፈልጌ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ሳያገኙት ነው የሄዱት። አፈር ስናለብስዎት የከድር እህት ከጎኔ ቆማ ነበር። «እኛ እኮ የምናለቅስበት መቃብር የለንም» አለችኝ። ከእንግዲህ ወደ እርስዎ ስመጣ አብራኝ ትመጣለች፤ ለእሱም የምናለቅሰው እርስዎ ዘንድ ነው። ይፍቀዱልን።